ትዳር በቴሌስኮፕ

ደብተራ ኮከብ ሲቆጥር እንስቅበት ነበር። አሁን መንግሥት ራሱ በቴሌስኮፕ ይቆጥርልናል፤ ድንቄም ሥልጣኔ! ለእያንዳንዱ ባልና ሚስት እርስ በርስ የሚዞሩ ጥንድ ኮከቦች ይመደባሉ። አንዱ ኮከብ ሌላውን ሲጋርድ እኔ የመንግሥት ለኪው፣ እያንዳንዳቸው በራሳቸው ዛቢያ የሚሽከረከሩበትን ፍጥነት እለካለሁ። ፍጥነታቸው ካልገጠመ ትዳሩ ይፈርሳል።

ትናንት አቶ ዘርጋውና ወይዘሮ አስካለ መጡ። የአቶ ዘርጋው እጅ ስለሚንቀጠቀጥ ሸሚዛቸውን ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሚቆልፉላቸው ሚስታቸው ናቸው።

«አንደኛው ኮከብ ይፈጥናል፤ አልገጠማችሁም» አልኳቸው።

«ኮከቦቹስ ተፋቱ?» አሉኝ ወይዘሮ አስካለ።

«ኧረ እነሱማ አብረው ይዞራሉ።»

«ታዲያ ሂድና መጀመሪያ እነሱን አፋታ!»

እውነታቸውን ነበር። እኔ ጀግናው ግን የፍቺውን ማኅተም መታሁ።

ዛሬ አቶ ዘርጋው ይግባኝ ሊሉ ብቻቸውን መጡ። ሸሚዛቸው ተዛንፎ ተቆልፏል።