ከሥር የሚመታው

እትዬ ኩልሱም አሮጌዋን ፒካፕ ቦሳ አዲስ ሰፈር ወዳለው ጋራዤ ይዘዋት መጡ። ቁልፉ ሲዞር «ቀጭ» ትልና ዝም ትላለች። ባትሪዋ ደህና ነው፣ ሽቦዎቿም ደህና ናቸው። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ግን ኤሌክትሪክ የሚያቀብለው ካርቦኑ ተበልቶ አልቋል።

«በዚህ እንዴት ከአጋሮ መጡ?» አልኳቸው።

«እኔ ቁልፉን አዞራለሁ፤ ሀቢቡላህ ከሥር ገብቶ ሞተሪኖውን በመፍቻ ሲመታልኝ ትነሳለች።»

ጋሽ ሀቢቡላህ ባለቤታቸው ነበሩ። አምና ጀናዛቸውን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነኝ። ሐዘን ነው ያናገራቸው ብዬ ወደ ሥራዬ ገባሁ።

ሞተሪኖውን ፈትቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። አዲስ ካርቦን ሳነሳ እጄን ያዙኝ።

«ፋሂም ልጄ፣ አደራህን አታድሰው። ልጆቹ አሠሪ ብለውኝ ነው እንጂ፣ እኔስ አልፈልግም።»

«ለምን?»

«ከተሠራማ ምን ብሎ ይመጣል?»

ይሄኔ ከመኪናዋ ሥር ብረት በብረት ሲመታ ሰማሁ። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ሞተሪኖው የነበረበት ቦታ ባዶ ነው፤ ማንም የለም። ምቱ ግን አላቆመም።

እትዬ ኩልሱም ነጠላቸውን ሰብስበው መሬት ላይ ተንበረከኩ።

«ዛሬ ተወው ሀቢቤ» አሉ ቀስ ብለው። «ፈትተነዋል።»

ምቱ ቆመ።