ገመዱን የሚነቅለው

በሳይቤሪያዋ ከተማ በያኩትስክ ብርዱ ሲጠና፣ አይታል መንገዱን እንዲቀርጽ መኪናው መስታወት ላይ የሰቀለው ካሜራ በጉዞ መሃል ሥራ እያቆመ ይጠፋበት ጀመር። የጠረጠረው መኪናውን በተራ የሚነዳውን የሚስቱን ወንድም፣ ኤርቺምን ነበር።

"የምትዞርበትን እንዳላይ ነው ገመዱን የምትነቅለው!" አለው።

"አንተ ደንቆሮ፣ የካሜራው ባትሪ ነው፤ ብርድ አይችልም። አውጣውና ከመኪናው ኃይል በሚወስደው ገመድ ብቻ ይሥራ።"

አይታል ባትሪውን አወጣ፤ ካሜራውን ግን ወደ ውስጥ አዞረው። አብረው ወጡ፤ አይታል ይነዳል። እየተሰዳደቡ አንድ ሰፈር ሳይጨርሱ ካሜራው ጠፋ። ገመዱ ተነቅሎ ተንጠልጥሏል።

"ያዝኩህ፣ ሌባ!"

አይታል መኪናውን ዳር አቁሞ ሞተሩን አጠፋና ገመዱን መልሶ ሰክቶ ቀረጻውን ከፈተ። ሁለቱም ይታያሉ። የአይታል እጆች መሪው ላይ ናቸው፤ ኤርቺም እጆቹን ብብቱ ውስጥ ወሽቋል። ከኋላ፣ በሁለቱ ወንበሮች መሃል፣ ጓንት ያላጠለቀ እጅ ቀስ ብሎ መጣና ገመዱን ነቀለው።

ኤርቺም ዞሮ የኋላውን ወንበር አየ። ባዶ ነው።

መኪናው ውስጥ ቅዝቃዜው ገባ፤ ትንፋሻቸው ይጨስ ጀመር።

"ኤርቺም" አለ አይታል በሹክሹክታ፣ "ትንፋሽህን ያዝ እስቲ።"

ሁለቱም ያዙ። የአፋቸው እንፋሎት በኖ ጠፋ።

ከመሃላቸው ነጭ እንፋሎት ወጣ፤ ቆም አለና እንደገና ወጣ።