የእነ ደመላሽ ዘር ሐረግ

«የሆድሽ ነገር እኔን አይመለከተኝም። በሰው ፊት ስሜን አንስተሽ እንዳልሰማሽ።»

ደመላሽ ይህን ሲላት መሐል ሜዳ መናኸሪያ ቆመው ነበር። እሱ አንድ እግሩን አውቶቡሱ ላይ ሰቅሏል። ህሊና ያኔ ተማሪ ነበረች። ከዚያ ወዲያ ትምህርት ቤት አልተመለሰችም።

ልጇን ማዕረግን ክርስትና ያስነሱት አባቷ አቶ ወልደ ሥላሴ ናቸው። ልጁ ስሙን ሲጠየቅ ደረቱን ነፋ አድርጎ «ማዕረግ ወልደ ሥላሴ!» ይላል። አሁን ትምህርት ቤት ገብቷል።

ህሊና በአክስቷ ልጅ በዳኜ ቪዲዮ ቤት ትሠራለች። ዳኜ ሠርግና ክርስትና ይቀርጻል፤ እሷ ኮምፒውተር ላይ ታቀናብራለች። ሥራውን የተማረችው ልጇን አዝላ፣ ስልኳ ላይ እያየች ነው።

ዘንድሮ ደጋሹ ሁሉ የሚፈልገው «ዘር ሐረግ» የሚሉትን ነው። ዳሱ ውስጥ ትልቅ ቴሌቪዥን ይቆማል። ቴሌቪዥኑ ላይ ዛፍ ያድጋል፤ ከቅድመ አያት ጀምሮ የቤተሰቡ ፎቶ እንደ ቅጠል አንድ በአንድ ይወጣል። አገሩ መንዝ ነውና ነገሩ እንደ ጨዋታ አይታይም። በሰው ፊት ከሐረጉ የተቆጠረ ዘመድ ነው። ነገ መሬት ሲከፈልም ለቅሶ ሲቀመጡም ማንም አይክደውም።

ድሮ ዳኜ ፎቶዎቹን በእጁ እየጎተተ ሲያንቀሳቅስ ዐይኑ እስኪፈስ ይለፋ ነበር። ህሊና ግን ኤክስፕረሽን የሚባለውን አመጣችለት። ፎቶው ላይ የሚጻፍ አጭር ትእዛዝ ነው። «ከበላይህ ያለው ሲወጣ ተከተለው» ትለዋለች፤ ከዚያ በኋላ የተደረደረው ፎቶ ሁሉ ተራውን ጠብቆ በራሱ ጊዜ ይወጣል። ማንም አይዘለልም። አንዱ ከሌላው እንዲለይ ከተፈለገ ለእሱ ለብቻው ሌላ ትእዛዝ ይጻፍለታል።

ጥምቀት ባለፈ ሰሞን የደመላሽ እናት ወይዘሮ ጌታነሽ የቤተሰቡን ፎቶ በፍላሽ ይዘው መጡ።

«ልጄን ልድረው ነው» አሉት ዳኜን። «ከአዲስ አበባ ይመጣል። ዘር ሐረጉን አሳምራችሁ ሥሩልኝ።»

«እሰየው እማማ! እንኳን ደስ አለዎት።»

«እዚህ ላይ ያለው ሁሉ ይግባ። አንድም እንዳይቀር።»

ይህን ሲሉ ህሊናን አዩአት። ህሊና ቀና አላለችም። ለገና ለማዕረግ ሹራብ ልከውለት ነበር፤ ባመጣው ሰው እጅ መልሳዋለች።

ሴትዮዋ እንደወጡ ዳኜ በሩን ገርበብ አደረገው።

«ስሚ፤ ይሄን ሥራ እኔው ብሠራው አይሻልም?»

«ለምን?»

«ፊትሽን አየሁታ! በሰው ሠርግ ላይ ጉድ እንዳታፈይብኝ።»

«ሥራ አይደለም እንዴ? እሠራዋለሁ።»

«እኔ እኮ ያ ደመላሽ ያደረገሽን…»

«ስሙን አትጥራብኝ!»

ዳኜ ደነገጠ። ስትጮህ ሰምቷት አያውቅም።

የሠርጉ ዕለት ጠዋት ካሜራውን ሊወስድ ሲገባ ህሊና ኪቦርዱን ትደበድበዋለች። ስክሪኑ ላይ ከደመላሽ ቅርንጫፍ ሥር አንድ ልጅ ይታያል። ነጭ ለብሷል፤ ጥምቀተ ባሕሩ ዳር ቆሞ ወደ ታቦታቱ ዞሮ ይስቃል። የሚያነሳውን ሰው ልብ አላለውም። ማዕረግ ነው። ህሊና ለዚያ ፎቶ ለብቻው ትእዛዝ እየጻፈችለት ነበር።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ ዳኜ።

ህሊና መጻፏን አላቆመችም።

«ህሊና! በዳስ ሙሉ ሰው ፊት? ሙሽሪት አጠገቡ ተቀምጣ? በድንጋይ ነው የሚሉን! አጥፊው!»

«እሺ።»

«አሁኑኑ!»

«እሺ አልኩህ እኮ! ሂድና ቅረጽ!» ዐይኗ ደም ለብሷል።

ውጭ የአጃቢዎቹ መኪና ክላክስ ይጮኻል። ዳኜ ቆሞ ለማጣራት ጊዜ አላገኘም። እየተራገመ ወጣ።

ጉሙ ከቀትር በኋላም ከዳሱ ደጅ አልለቀቀም። ሰዉ በርኖስና ጋቢውን ደርቦ ተጠጋግቶ ተቀምጧል። ህሊና ፍላሹን ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካችው። ዳኜ ካሜራውን ተሸክሞ የሚያየው ሙሽሮቹን አልነበረም፤ እሷን ነው። በዚያ ብርድ ግንባሩ አልቦታል።

ዛፉ በቀለ። ቅድመ አያትየው ወጡ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። አያትየው ተከተሉ።

«አይ ሪዝ! እንዲህ ያለ ሪዝ ዛሬ የት ይገኛል?» አሉ አንድ ሽማግሌ፤ ሰው ሳቀ።

አባትየው ወጡ። ወይዘሮ ጌታነሽ ወጡ። ደመላሽና ሙሽሪት ጎን ለጎን ሲወጡ ዳሱ በጭብጨባ ተናጋ። ከእነሱ ሥር አንድ ቅርንጫፍ ተዘረጋ።

ዳኜ ትንፋሹን ያዘ።

ቅርንጫፉ ባዶውን ቆየ። ምንም አልወጣበትም። ዛፉ ትንሽ ተወዛወዘና አበቃ።

«ተመስገን!» አለ ዳኜ።

ወይዘሮ ጌታነሽ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ።

«የት አለ? የልጅ ልጄ የት አለ? ጥምቀት ለት በገዛ ስልኬ አንስቼ ፍላሹ ላይ ያስገባሁት እኔ ነኝ! ደመላሽስ ዛሬ በሰው ፊት ‹ልጄ ነው› ሊል አይደለም ወይ የመጣው?»

ደመላሽ ከሙሽሪት ጎን ተነሥቶ ሳይቆም፣ ተመልሶም ሳይቀመጥ ቀረ።

ዳኜ ወደ ህሊና ዞረ። «እኔ እኮ… አንቺ ያስገባሽው መስሎኝ…»

«ያቺ ትእዛዝ ‹አትውጣ› የምትል ናት። ሳትለኝም እያጠፋሁት ነበር» አለችና ፍላሹን ከቴሌቪዥኑ ነቀለች።