ገበያ በምን ይሄዳሉ?

እማማ ዘይቡ ባጃጅ ከተሳፈሩ ሦስት ዓመት አለፋቸው። መሳፈር ባቆሙበት ቀን ጠዋት ልጃቸው ሂንድ በር ላይ ቆማ፣ «እማ፣ በእግሬ ልሂድ ወይስ ባጃጅ ልያዝ?» ብትላቸው፣ «ምን ያኳትንሻል? ባጃጅ ያዢ!» ያሏት እሳቸው ናቸው። ባጃጁ ቁልቁለቱ ላይ ተገለበጠ፤ ሂንድም አልተመለሰችም።

ዛሬ የመንገድ ጥናት የሚሠራው አኒስ ታብሌቱን ይዞ በቾ ቦሬ ሰፈር ወዳለው ቤታቸው መጣ። ሰው በምን መሄድ እንደሚመርጥ የሚያጠናው በጨዋታ ነው።

«በሽበቴ ልታጫውተኝ? ፊደል እንደሁ አልቆጠርኩ!»

«ማሎ፣ እባክዎ እማማ፣ ማንበብ አያስፈልገውም። ድምፄን ቀድቼበታለሁ፤ ሲጠይቅዎት ሥዕሉን መንካት ብቻ ነው።»

ታብሌቱ በአኒስ ድምፅ፣ «ገበያ በምን ይሄዳሉ?» አለ። እማማ ዘይቡ የእግረኛውን ሥዕል ነኩ። ሻሽ ያሰረች ትንሽ ሴት ከቤት ወጥታ መንገድ ጀመረች። ጨዋታው ዝናብ አዘነበና ደግሞ ጠየቃቸው።

«ቢዘንብስ? ጨው አይደለሁ አልሟሟ!» ብለው አሁንም እግረኛውን ነኩ።

ሴትዮዋ ስትርቅ ከዚያው ቤት ሌላ ሴት ወጣች። አረንጓዴ ጃንጥላ ይዛለች፤ የተሰበረው ዘንግ በቀይ ክር ታስሯል። ያን ክር በሂንድ ጃንጥላ ላይ ያሰሩት እማማ ዘይቡ ናቸው።

«ይቺን ማን አስገባት?» አሉ፣ ድምፃቸው ሰልሎ።

አኒስ ታብሌቱን ጠጋ ብሎ አየ። «እኔ የሠራሁት አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እማማ።»

ልጅቷ መንገድ አልጀመረችም። በሩ ላይ ቆማ ፊቷን ወደ እማማ ዘይቡ መለሰች። ታብሌቱ ጠየቀ፤ ድምፁ ግን የአኒስ አልነበረም።

«እማ፣ በእግሬ ልሂድ ወይስ ባጃጅ ልያዝ?»