የአራተኛ ፎቅ ወንበር

«እጄን አትያዢኝ» ይላል አባቴ፣ ገና የመጀመሪያውን ደረጃ ሳንጨርስ። «ዕድሜ ልኬን ሰው ስሸከም ኖሬ ዛሬ ልሸከም?»

«ማን ያዘህ?» እለዋለሁ። ከኋላው እጆቼን ዘርግቼ እንደምወጣ ግን ያውቃል። አምቡላንስ ሲነዳ የኖረ ሰው ከኋላው ያለውን ሳያይ ያውቃል። አንድ እጁ የደረጃውን ብረት ጨብጧል፣ በሌላው «ጤና ጣቢያው የሁላችን ነው» ብሎ በራሱ እጅ የጻፈባትን ካርቶን ይዟል። ደረቱ ሲር ሲር ይላል። የሕንፃው ሊፍት ከሞተ ቆይቷል።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ በአዳራሹ ስብሰባ አለ። የሰፈራችን ጤና ጣቢያ ለኩባንያ ይሰጥ፣ አይሰጥ የሚባልበት። አዳራሹ ባዶ ከሆነ «ነዋሪው ተስማምቷል» ተብሎ ይጻፋል። አባቴ ኩባንያውን እንኳ ይህን ያህል አይፈራም፤ ባዶ አዳራሽ ነው የሚፈራው። ሲያፍነው ኦክስጅን የሚያገኘው እዚያው ጤና ጣቢያ ነው። ይህን ግን በማንም በር ላይ አንድም ቀን አላነሳውም። «ቅስቀሳ እንጂ ልመና አልወጣሁም» ይላል።

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ሕንፃ ላይ በር ስናንኳኳ ተጣጣፊ በርጩማ ይዘን ነበር። አባቴ በየፎቁ ይዘረጋታል፣ ሰው በር ፊት ይቀመጣል፣ ትንፋሹ እስኪመለስ ይጠብቃል። ባለቤቶቹ ሲከፍቱ ደጃቸው ላይ የሚያለከልክ ሽማግሌ ያገኛሉ። ውኃ ይሰጡታል። ውኃ ሰጥቶ ደግሞ ሳያወሩ ተመልሶ መግባት አይሆንላቸውም። «ሳንባዬ ነው የቀሰቀሰልን» ይል ነበር እየሳቀ። «ጤነኛ ብሆን አንኳኩቼ አልፍ ነበር። ማን ይሰማኛል?»

ዛሬ በርጩማዋ የለችም። ጠዋት ጤና ጣቢያው ወረፋ ላይ ለቆመች ነፍሰ ጡር ሰጥቷት መጣ።

«አንተስ ምን ላይ ልትቀመጥ ነው?»

«እሷ ሁለት ናት፣ እኔ አንድ ነኝ።»

አንደኛ ፎቅ ደርሰን ግድግዳ ሊደገፍ ዞር ሲል ባለበት ይቀራል። ከልብስ ሰፊዋ በር አጠገብ የእንጨት ወንበር ቆሟል፤ ላዩ ላይ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የተሰፋ ትራስ አለ። ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ብቅ ትላለች።

«ጋሼ አምቡላንስ! ደረትዎ እኮ ሳይረን ሆኗል። ገና ከበሩ ሲገቡ ሰማሁዎት።»

«መንገድ ልቀቁ እያልኩ ነው» ይላል አባቴ እየተቀመጠ። «ትመጫለሽ?»

«ባልመጣ ወንበር ምን ያስወጣኛል?»

ሁለተኛ ፎቅ ላይ የፕላስቲክ ወንበር አለ። ሦስተኛው ላይ ጡረታ የወጡት የሒሳብ መምህር የራሳቸውን ባለመደገፊያ ወንበር አውጥተው፣ እሳቸው ግድግዳ ተደግፈው ጋዜጣ ያነባሉ። ተመካክራችሁ ነው ወይ ስላቸው «ከማን ጋር?» ብለው ይገረማሉ። አባቴ የወንበሩን መደገፊያ በመዳፉ ይዳብሳል።

አራተኛ ፎቅ ላይ ያለው አንድ በር ነው። ባለቤቷ ባንክ ቤት ትሠራለች። ባለፈው «እኛ የምንታከመው ሌላ ቦታ ነው፣ መሥሪያ ቤቴ ይከፍላል» ብላ በጨዋ ደንብ ዘግታብናለች።

«ይሄኛው ይቅርብን፣ አባዬ። መልሷን ሰጥታናለች።»

«እኔ እኮ የት ትታከሚያለሽ አላልኳትም። ነይ ነው ያልኳት።»

እንወጣለን። ደረጃው አጋማሽ ላይ ይቆማል። ከንፈሩ ጠቁሯል። እጄ ወደ ክንዱ ሲሄድ በዓይኑ ይመልሰኛል። ቆሜ እጠብቃለሁ፤ ከዚያ ሌላ የሚፈቅድልኝ ነገር የለም።

በሩ ዝግ ነው። ከፊቱ አንዲት ቀይ የሕፃን ወንበር ተቀምጣለች።

አባቴ ያያታል። ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ባሰበት ብዬ ስደነግጥ ለካ እየሳቀ ነው። «ልኬን ማን ነገራት?» ይልና ይቀመጥባታል። ጉልበቱ አገጩ ጋ ይደርሳል።

ከውስጥ የሕፃን ድምፅ ይሰማል። «እማዬ! ወንበሬ ላይ ሰውዬ አለ!»

ቁልፉ ይዞራል። ሴትየዋ ጫማዋን አድርጋ፣ ቦርሳዋን ይዛ፣ ልጇን አስከትላ ቆማለች።

«ይቅርታ አባባ። ቤታችን ያለው ሶፋ ብቻ ነው፤ በበሩ አልወጣ አለኝ።» ወደ በሩ ዞር ትላለች። «ያን ቀን ዘጋሁት እንጂ ከበሩ አልሄድኩም። እዚህ ቆሜ ሲተነፍሱ እሰማ ነበር። እስኪወርዱ ድረስ።» ከዚያ ድምፅዋን ታስተካክላለች። «ስብሰባው መቼ ነው የሚጀመረው?»

«አንቺ ስትደርሺ» ይላል አባቴ።

ሊነሳ ይሞክራል። ወንበሯ መሬት ልትነካ ምንም አልቀራትም፤ ጉልበቱ እምቢ ይላል። እኔ እንደለመድኩት እጆቼን ሰብስቤ እቆማለሁ።

አባቴን ከቀበርነው ወዲህ ብዙውን ነገሩን ሳስበው «ነበር» እላለሁ። ይህችን ቀን ሳስብ ብቻ «ነበር» አልልም። አባቴ ካርቶኑን ለእኔ ይሰጠኛል። እጁን ይዘረጋል፤ ለእሷ። ቦርሳዋን ወለሉ ላይ ጥላ በሁለት እጇ ትስበዋለች።

ይነሳል። መውረድ ስንጀምርም እጇን አልለቀቀም። ከታች፣ ከየፎቁ፣ በሮች ከውጭ ሲቆለፉ፣ ወደ አዳራሹ የሚወርድ ኮቴም ይሰማል።