ሽንኩርት የማይስማማው አየነው

አስፋ በአየነው ላይ ሞት የፈረደው በሽንኩርት ምክንያት ነው።

አየነው በሕብስት ልብ ወለድ ውስጥ የሚኖር የደሴ ጸጉር አስተካካይ ነው። ሕብስት ደግሞ የአስፋ ሚስት ናት። ጄኔቫ፣ ሰርቬት ሰፈር ውስጥ ካለው አፓርታማቸው የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ትጽፋለች፤ ዙሪክ ያለው ቢረሳው ምዕራፍ በምዕራፍ በወርሃዊ መጽሔቱ ያወጣላታል። በ1988 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ስዊዘርላንድ ውስጥ አየነውን የማያውቅ ሐበሻ ጥቂት ነበር።

ሰውየው ወሬኛ ነው፣ ቀጣፊ ነው፣ ደግነቱ ግን አያልቅም። ሕብስት ትወደዋለች፤ ደብቃም አታውቅም። ገበያ ሲወጡ ባርኔጣ አስፋ ራስ ላይ ትለካና «አየነው ላይ ነበር የሚያምረው» ብላ ትመልሰዋለች። በአምስተኛው ምዕራፍ ታሞ የተኛ ጊዜ እንቅልፍ አጥታ ከረመች።

አስፋ ይህን ሁሉ ችሏል። ከሆቴል ሥራ በጡረታ የተገለለ፣ ነገር ማካበድ የማይወድ ሰው ነው። ግን አየነው ሽንኩርት እንደማይስማማው በተጻፈ ማግስት ከቤቱ ወጥ ውስጥ ሽንኩርት ጠፋ።

«እሱ የሚሸሸውን እኔ እዚህ እያቁላላሁ እንዴት አድርጌ ልጻፈው?» አለች ሕብስት። «ሽታው ይረብሸዋል።»

«ማንን?»

«አየነውን ነዋ!»

ያለ ሽንኩርት የተሠራ ወጥ ምን እንደሚመስል የቀመሰው ያውቀዋል። አስፋ ወራት ታገሠ። በመጨረሻ አንድ ቀን ምሳ ላይ እጁን ከማዕዱ ሰበሰበ።

«ወይ እሱን ወይ እኔን ምረጪ።»

«አስፋ፣ እሱ እኮ ሰው አይደለም።»

«ሰው ካልሆነ መግደሉ ምን ይከብዳል?»

ሕብስት ጠረጴዛው ጥግ ያሉትን ወረቀቶቿን ሰበሰበች። ከዚያ ዓይኗ እንባ እንዳቀረረ «እሺ፣ በሚቀጥለው ምዕራፍ ይሞታል። ቃሌ ነው» አለች። አስፋ በዚያች ቅጽበት አልተደሰተም ማለት ውሸት ይሆናል።

ምዕራፉ ሰኞ ይላካል። በዚያ ሳምንት ሕብስት ዝምተኛ ሆነች፤ ስልክ ላይ እንኳ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነበር የምታወራው። ዓርብ ዕለት አዲስ ትንሽ ድስት ገዝታ ገባች። ሐዘንተኛ ዕቃ በመግዛት ይጽናናል ብሎ አስፋ ነገሩን አለፈው። እሑድ ጠዋት ግን ከእንቅልፉ የቀሰቀሰው የሚቁላላ ሽንኩርት ሽታ ነበር።

አየነው አበቃለት፣ አለ በልቡ። ነፍሱን ይማር።

እኩለ ቀን ላይ ደወል ተደወለ። በሩ ላይ ሦስት ሽማግሌዎች ቆመዋል። በዙሪክ ሐበሾች ዘንድ ጠብ ያለበት ሁሉ የሚጠራቸው አቶ ቃለጽድቅ፣ እዚያው ዙሪክ ቪዲኮን ሰፈር ልብስ የሚሰፉት የወሎው ሐጂ ዘይኑዲን፣ ከዙሪክ አጠገብ ካለችው ኡስተር ደግሞ ዝምተኛው አቶ ኃይለመለኮት።

«ውይ! ምነው፣ በደኅና ነው?» ሕብስት እጇን ደረቷ ላይ ጫነች።

«በደኅና ነው» አሉ አቶ ቃለጽድቅ። «ለሽምግልና ነው የመጣነው። ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም፤ ሳይፈጸምልንም እህል አንቀምስም።»

አስፋ ወደ ወጥ ቤቱ በር አየ። ወጡ በስሏል።

«አየነው ሊሞት ነው ሲባል ሰማን» አሉ ሐጂ ዘይኑዲን። «ልጁ ምን አጠፋ? ነፍስ አላጠፋ፣ የሰው ገንዘብ አልነካ። የአገሬ ልጅ ስለሆነ አይደለም የምለው። ይማሩልን፣ ወይዘሮ ሕብስት!»

አስፋ ነገሩ ወዲያው ገባው። ይህ የቢረሳው ሥራ ነው። መጽሔቱ አንባቢ እንዳያጣ ብሎ ሽማግሌ ላከ! እንዲህ ያለ ተንኮለኛ!

ሕብስት ራሷን ነቀነቀች። «አይሆንም። ለባለቤቴ ቃል ሰጥቻለሁ፤ ቃሌን አላጥፍም።» እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

ሦስቱም ሽማግሌዎች እኩል ወደ አስፋ ዞሩ።

አስፋ ተከራከረ። ባርኔጣውን ነገራቸው፤ ሽንኩርቱንም ነገራቸው።

«ያለ ሽንኩርት?» አሉ አቶ ኃይለመለኮት ደንግጠው። ሲናገሩ የተሰሙት ያኔ ብቻ ነበር፤ አስፋም የሚረዳው ሰው በማግኘቱ ትንሽ ተጽናና።

ሽማግሌዎቹ ግን እንደቆሙ ናቸው። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሐጂ ዘይኑዲን በበትራቸው ተደግፈዋል። ስንት ወር የተመኘው ወጥ ከግድግዳው ወዲያ እየቀዘቀዘ ነው፤ እነዚህ ሰዎች ካልተቀመጡ ደግሞ ማዕድ የለም። አስፋ ምራቁን ዋጠ።

«በሉ፣ ለሁለታችሁም የሚሆን እርቅ ይኸው» አሉ አቶ ቃለጽድቅ። «አየነው ይኑር። ሽንኩርቱም ወደ ቤቱ ይመለስ።»

«ይመለሳል» አለች ሕብስት ፈጥና።

«እንግዲህ ለእናንተ ስል… ይኑር» አለ አስፋ።

ሽማግሌዎቹ መረቁና ተቀመጡ። ሕብስት ለባሏና ለሁለቱ እንግዶች ከትልቁ ድስት አወጣች፤ ለሐጂ ዘይኑዲን ከትንሹ። የበግ ቀይ ወጥ ነበር፣ ሽንኩርቱ ሟሙቶ ዘይቱ የሰፈፈ። አስፋ ጠግቦ እስኪነሣ ቀና ብሎ ማንንም አላየም።

ከምሳ በኋላ እንግዶቹን ወደ ኮርናቫን ባቡር ጣቢያ ሸኛቸው። ሕብስት ቤት ቀረች። «አየነው እየጠበቀኝ ነው» አለች በሩን ስትዘጋ። ፊቷ በርቶ ነበር፤ አስፋም ሳይወድ በግድ ደስ አለው።

«ቢረሳውን ሰላም በሉልኝ» አላቸው ባቡሩ ላይ ሲወጡ። «የላካችሁ እሱ እንደሆነ ገብቶኛል። አልተቀየምኩም።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አቶ ኃይለመለኮትን ሳል ያዛቸው።

ባቡሩ ሊነሣ ሲል አስፋ አንድ ነገር ትዝ አለውና ክው ብሎ ቀረ። ሐጂ ዘይኑዲንን የሚያህል ሙስሊም በክርስቲያን ቤት ሥጋ አብልቶ መሸኘቱ ነው!

«ሐጂ! ይቅር ይበሉኝ! ሥጋው… የበሉት ሥጋ እኮ…»

«ኧረ አይጨነቁ፣ አቶ አስፋ!» ሐጂ ዘይኑዲን በመስኮቱ ብቅ ብለው ሳቁ። «ሥጋው ከእኛው ሥጋ ቤት ነው፣ ድስቱም አዲስ ነው። ወይዘሮ ሕብስት ሐሙስ ዕለት ደውለው ለሽምግልናው ሲለምኑኝ ነግረውኛል።»