ያልተቆረጠ ጨርቅ

ዚፑ ከወገቧ በላይ አልወጣ አለ። እናት በአንድ እጇ የቀሚሱን ጨርቅ ገጥማ ይዛ በሌላው ጎተተችው። ንቅንቅ አላለም።

«እስቲ ትንፋሽሽን ያዢው፣ የኔ ልጅ።»

ልጅቱ ትንፋሿን ያዘች። ዚፑ ግን እንደ ግትር በቅሎ ቆመ።

እናት ከልጇ ጀርባ መቆሟ በጀ፤ ፊቷ አይታይም። ላብ አጠመቃት። ቀሚሱን የሰፋችው ራሷ ናት፤ ሰማያዊ፣ እጅጌው አጭር፣ ለኬሞ ክንድ ለመዘርጋት የሚመች። ካንሰሩ የተገኘ ሰሞን ልጅቱ፣ «ሚዛን ላይ ስወጣ ቁጥሩን እንዳትነግሩኝ። የኔ ሚዛን ይሄ ቀሚስ ነው። ሰፍቶ እላዬ ላይ የዋለለ ዕለት ግን በቃኝ፣ መድኃኒቱን እተዋለሁ» ብላ ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ከመርፌ ጋር የኖረች እናት ሌላ ምን ታድርግ? ልጇ ከሳች፣ ቀሚሱን አጠበበችው። ደግሞ ከሳች፣ ደግሞ አጠበበችው። ከሰዓት ልጅቱን ሸለብ ሲያደርጋት፣ የስፌት መኪናውን ድምፅ ፈርታ በእጇ ትሰፋለች። ሲለበስ ደግሞ፣ «ይኸው፣ ልክክ ብሎብሻል!» ትላለች።

ዛሬ ግን ጠበበ። ካለፈው መድኃኒት ወዲህ ደግሞ መርፌ አላስነካችውም።

እብጠት ነው፣ አለች በልቧ። ነርሷ አስጠንቅቃታለች፤ «ሰውነቷ ካበጠ ዛሬ ነገ እንዳይሉ። እግሯን በጣትዎ ይጫኑት፤ ጉድጓዱ አልሞላ ካለ ውሃ ቋጥሯል ማለት ነው።»

በሩ ተበርግዶ ደወል ገባች። የልጅቱ ጓደኛ ናት፤ የቆዳ ቦርሳ ትሠራለች። ገና ደረጃው ላይ ሳለች ድምፅዋ ቤት ስለሚደርስ ነው ደወል የተባለችው። ልጅቱን ወደ ሕክምናው የምታደርሳት ሁልጊዜም እሷ ናት።

«ታክሲው ቆሟል! ሙሽሪት አልተዘጋጀችም እንዴ?»

«ዚፑ እንቢ አለ» አለች እናት፣ በዓይኗ እየጠቀሰቻት።

ደወል ቀዝቀዝ አለች። ምስጢሩን ታውቃለች። ቀሚሱ በጠበበ ቁጥር የወገቡን ቀበቶ በመቆለፊያው በኩል እየቆረጠች የምታሳጥረው እሷ ናት፤ ልጅቱ የለመደችው ቀዳዳ ላይ እንድትቆልፍ።

«እትዬ፣ አብዝተውት እንዳይሆን» አለች፣ ወደ እናት ጆሮ ጠጋ ብላ። የደወል ሹክሹክታ ግን ጎረቤት ይሰማል።

እናት ተንበርክካ የልጇን ቅልጥም በአውራ ጣቷ ተጫነችው።

«ምን እያደረግሽ ነው፣ እማ?»

«ዝም በይ።»

ጣቷን አነሳች። ዓይኗን ጨፍና ከፈተች። ቆዳው ሞልቷል። ሌላኛውን እግር ተጫነች። እሱም ሞላ። እጇን ወደ ላይ አንስታ ባቷን ጨበጠቻት፤ ሞቅ ያለ፣ ጠንከር ያለ ነገር መዳፏን ሞላው። ሥጋ ነው። የልጇ ሥጋ።

«ሾርባው ነው» አለች ልጅቱ። «ዞር ስትይልኝ እየተነሳሁ እደግም ነበር።»

«እኔ ደግሞ የምትጨርሰው ደወል ናት ብዬ!»

«እኔን?» አለች ደወል። «እኔን፣ እትዬ?»

ልጅቱ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ክንዶቿን ከጎኖቿ አራቀች። «በይ አሁን ተርትሪው።»

«ምኑን?»

«መጨረሻ የሰፋሽውን።»

ደወል ወደ በሩ አፈገፈገች።

«የልብስ ሰፊ ልጅ እኮ ነኝ፣ እማ።» ወደ ደወል ዞረች። «አንቺስ ብትሆኚ፣ ቀበቶው ለምን አጠረ ስልሽ ምን አልሽኝ?»

«ቆዳ ሲሞቀው ይሸበሸባል አልኩሽ» አለች ደወል። «ይሸበሸባል እኮ!»

እናት ከተንበረከከችበት አልተነሳችም። «ካወቅሽ... ካወቅሽ ለምን አልተውሽውም ታዲያ? እተዋለሁ ብለሽ አልነበር?»

«ልተወው ነበር። መጀመሪያ ያጠበብሽው ዕለት ልነግርሽ አፌን ስከፍት፣ ልክክ ብሎብሻል ብለሽ አጨበጨብሽ። ስንት ቀን እህል አልቀምስ ብለሽ፣ ያን ዕለት ጠግበሽ በላሽ። ከዚያ በኋላ እንዴት አድርጌ ልተወው?»

እናት ተነስታ ምላጭ ፍለጋ ገባች። መሳቢያው ተከፍቶ፣ ምላጩም ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ነበር፤ ዓይኗ ሞልቶ ነው ያላየችው። ደወል አንስታ አቀበለቻት።

ቀሚሱ ወልቆ ተገለበጠ። ልጅቱ ፎጣ ለብሳ አጠገቧ ተቀመጠች። በሁለቱም ጎን ስፌት ከስፌት ኋላ ተሰልፏል፤ ከስፌቶቹ ባሻገር ትርፉ ጨርቅ መቀስ ሳይነካው ታጥፎ ተኝቷል።

ልጅቱ በጣቷ ዳሰሰችው። «ጎኔን ሲፈትገኝ የከረመው ይሄ ነው። ትርፍ ጨርቅ የሚተው ሰፊ ሲያናድድሽ ነው የማውቀው። ለምን አልቆረጥሽውም?»

እናት የምላጩን ጫፍ ከክሩ ሥር አስገባች።

«ባለቤቱ ሳይመጣ እንዴት ይቆረጣል?» አለች።

ክሩ እየተበጠሰ ጭኗ ላይ ወረደ። ከታች ታክሲው ጡሩንባውን ነፋ። ደወል በመስኮት ብቅ ብላ፣ «ቆይ! ልብስ እየሰፋን ነው!» ብላ መንገዱን ሁሉ አስደነገጠች።

ልጅቱ መልሳ ለበሰችው። ዚፑ ዚርር ብሎ በአንድ ትንፋሽ እስከ አንገቷ ወጣ። ስፌቱ በተፈታበት ላይ የመርፌ ቀዳዳዎች ነጠብጣብ ሆነው ቀርተዋል፤ እናት በጥፍሯ ፋቅ ፋቅ አድርጋ ጨርቁን አስተካከለች። ከሥሩ ገና ያልተፈቱት ስፌቶች በጣቷ ይታወቋታል።

ሲወጡ ምላጩን ወደ መሳቢያው አልመለሰችውም። የስፌት መኪናው አጠገብ፣ እጇ ከሚደርስበት፣ አስቀመጠችው።